የሀድሊ ቤት ገመና፦ አንድ የድሮ የሆሊውድ ሜሎድራማ በደሴ ሳሎን እንዴት ይታያል?

ይህ ጽሑፍ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ዘመድና ጎረቤት ወይም የትምህርት ቤት ክበብ አባላትን ሰብስቦ የድሮ የሆሊውድ ሜሎድራማ (ስሜትን አጋኖ የሚያሳይ የቤተሰብና የፍቅር ድራማ) ለማሳየትና ከዚያም ለማወያየት ላሰበ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ ነው። ለዚሁ የተመረጠው ፊልም ዳግላስ ሰርክ እ.ኤ.አ. በ1956 ለዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ያዘጋጀው «ሪትን ኦን ዘ ዊንድ» ነው። ስሙን በአማርኛ «በነፋስ ላይ የተጻፈ» ብሎ መጥራት ይቻላል። ፊልሙ በቴክሳስ በነዳጅ ዘይት የከበረ አንድ ቤተሰብ ውስጥ የገባ ትዳር እንዴት እንደፈረሰ ያሳያል። ልጅ አለመውለድ፣ የአባት ስም መሸከም፣ የአብሮ አደግ ቅናት፣ ለጎረቤት የማይነገር የቤት ገመና የፊልሙ ጉዳዮች በመሆናቸው ቴክሳስን በካርታ እንኳን አይቶ የማያውቅ የወሎ ተመልካች ታሪኩን ለመረዳት አይቸገርም።

አዘጋጁ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ነገር ግን የዚህ ፊልም ምሥጢር ከንግግሩ ይልቅ በዕቃው፣ በቀለሙና በቤቱ አሠራር ውስጥ የተቀመጠ መሆኑን ነው። ሰዎቹ የሚሉት ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው፤ እውነቱን የሚናገሩት ደረጃው፣ መስታወቱ፣ የመኪናው ቀለም፣ የጠረጴዛው ጌጥ ናቸው። ስለዚህ ቃል በቃል እየተረጎመ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገር አስተርጓሚ፣ በጎ ቢያስብም፣ ተመልካቹን ከፊልሙ ያርቀዋል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ትርጉሙን አሳጥሮ ዓይንን ማሠራት በሚል አንድ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

ታሪኩን አስቀድሞ መንገር

በተለምዶ የፊልምን መጨረሻ አስቀድሞ መናገር እንደ ነውር ይቆጠራል። ለዚህ ፊልም ግን ደንቡ አይሠራም፤ ምክንያቱም ፊልሙ ራሱ መጨረሻውን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያሳያል። ቢጫ የስፖርት መኪና በነዳጅ ማማዎች መካከል በሌሊት እየበረረ ይመጣል፤ የሰከረ ሰው ከትልቅ ቤት ፊት ይወርዳል፤ በሩ ሲከፈት ነፋስ የደረቀ ቅጠል ወደ አዳራሹ ይዞ ይገባል፤ ተኩስ ይሰማል፤ አንድ ሰው እየተንገዳገደ ወጥቶ ይወድቃል። ከዚያም ነፋሱ የቀን መቁጠሪያውን ወረቀት ወደ ኋላ እየገለባበጠ ታሪኩን ከአንድ ዓመት በፊት ይጀምራል። ስለዚህ «ምን ይፈጠር ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ገና ሳይጠየቅ ተመልሷል፤ የሚቀረው «እንዴት እዚህ ደረሱ?» የሚለው ነው። እንግዶች ሰዎቹን ለመለየት እየተቸገሩ ግማሹን ፊልም እንዳያባክኑ፣ ከማሳየትዎ በፊት የሚከተለውን በራስዎ አንደበት አጠር አድርገው ይንገሯቸው።

ካይል ሀድሊ (ተዋናዩ ሮበርት ስታክ ነው) የነዳጅ ቱጃሩ የጃስፐር ሀድሊ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው፤ ይጠጣል፣ ራሱንም ይንቃል። ሚች ዌይን (ሮክ ሀድሰን) ከድሃ ቤት መጥቶ ከሀድሊ ልጆች ጋር ያደገ፣ በኩባንያው በጂኦሎጂስትነት የሚሠራ አብሮ አደጉ ነው፤ አባትየውም ከገዛ ልጁ ይልቅ በእርሱ ይመካል። ሉሲ ሙር (ሎረን ባኮል) በኒው ዮርክ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት በጸሐፊነት የምትሠራ ሴት ናት። ካይል ከቴክሳስ ኒው ዮርክ ድረስ በግል አውሮፕላኑ የመጣው ሳንድዊች ለመብላት ነው፤ ሉሲን ባወቃት ዕለት ወደ ማያሚ ይወስዳታል፣ በልብስና በአበባ የሞላ የሆቴል ክፍል ያሳያታል፣ ብዙም ሳይቆይ ያገባታል። እርሷም በጫጉላቸው ወቅት ባሏ ከትራሱ ሥር ሽጉጥ አድርጎ እንደሚተኛ ትደርስበታለች። ካይል አንድ ዓመት ያህል መጠጥ ይተዋል፤ ልጅ ለመውለድ የሚያዳግት «ድካም» እንዳለበት ሐኪም ሲነግረው ግን ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። ሉሲ ስታረግዝ ጽንሱ የሚች ነው ብሎ ያምናል። ለዚህ ጥርጣሬ እሳት የምታቀብለው እህቱ ሜሪሊ (ዶሮቲ ማሎን) ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሚችን የምትወድ፣ እርሱ ግን እንደ እህት የሚያያት ሴት ናት።

ይህን ያህል ይበቃል። ሜሪሊ በመጨረሻ በችሎት ፊት የምትመርጠውን ነገር አይናገሩ፤ ፊልሙ ራሱ ደብቆ ያቆየው ይህን አንድ ነገር ብቻ ነውና።

ጊዜና ቤት

የፊልሙ ርዝመት 99 ደቂቃ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤት አብሮ በሚቀመጥበት በወሎ ቤት ጥሩው ሰዓት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ወዲያው ቢጀመር ከመግሪብ በፊት ያልቃል፣ የሚሰግድ ሰግዶ ይመለሳል፣ ውይይቱም ቡናው ሲቀርብ ይጀመራል። የቡና ቁርሱን ቆሎና ፈንድሻ ካደረጉት በጾም ወራትም ቢሆን ማንም አይቸገርም። ቡናው ግን በፊልሙ መካከል እንዳይቆላ አደራ፤ ጭሱ ምስሉን ይጋርዳል፣ የቡናዋ ባለቤትም ሳታይ ትቀራለች፣ ውይይቱ ሲጀመር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የተሻለ የምታስተውለው እርሷ ናት።

ደሴ ላይ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው የክረምት ዝናብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ማንኛውንም ስፒከር ያሸንፋል፤ ኮርኒስ የሌለው ቤት ከሆነ ዝግጅቱን ለጥቅምት ወይም ለኅዳር ማቆየት ይሻላል። ሁለተኛው ብርሃን ነው፤ ቀን ስለሚታይ መስኮቶቹን በወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ መሸፈን ያስፈልጋል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ ፈጥኖ ስለሚገባ፣ ይኸው ጋቢ በኋላ ለእንግዳ ትከሻም ይሆናል። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ሙቀቷ ለመቀመጥ ይመቻል፤ በዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤት ከሆነ ግን የከባድ መኪናው ድምፅ እንዳያስቸግር የጓሮውን ክፍል ይምረጡ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፊልሙን ባትሪው በተሞላ ላፕቶፕ ላይም መያዝ መልካም ነው።

ቴሌቪዥኑን ወይም ፕሮጀክተሩን ሲያስተካክሉ ለአንድ ነገር ጊዜ ይስጡ፤ እርሱም ቀለም ነው። የካሜራ ባለሙያው ራስል ሜቲ እና ሰርክ በዚህ ፊልም ቀይን፣ ቢጫንና ሮዝን ሆነ ብለው አድምቀዋቸዋል። ስለዚህ የፊት ቀለም ተፈጥሯዊ እስኪመስል ድረስ ብቻ ያስተካክሉ እንጂ፣ ምስሉ «በዛ» ብለው ድምቀቱን አይቀንሱ። ምስሉን ስክሪኑ እንዲሞላ ብለው መለጠጥም አይገባም፤ የደረጃው ቁመትና የክፍሎቹ ስፋት የታሪኩ አካል ናቸው።

እንግዶችን አስቀድሞ ማስጠንቀቅም ተገቢ ነው። በፊልሙ ውስጥ የተራቆተ ነገር የለም፤ ነገር ግን ያለማቋረጥ ይጠጣል፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ትመታለች፣ ጽንሷም ይጨነግፋል። ይህ በራሷ ላይ የደረሰባት እንግዳ ልትኖር ትችላለችና በግብዣው ጊዜ ለብቻ መንገር ይሻላል። ትንንሽ ልጆችን ለዚያ ቀን ወደ አያት ቤት መላክ ነው።

ስለ ትርጉም

እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እንግዶች ካሉ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ይተርጉም። በቪዲዮ ቤትና በትርጉም ፊልም የለመድነው ተራኪ ግን ለዚህ ፊልም አይሆንም። ያ ተራኪ ቀልድ ይጨምራል፣ «ይቺ መዘዘኛ» እያለ ፍርድ ይሰጣል፣ ዝምታ ሲያጋጥመው ይሞላዋል። ለድብድብ ፊልም ይህ ጨዋታ ነው፤ እዚህ ግን ተመልካቹ ሜሪሊን ገና ሳያያት እንዲፈርድባት ያደርጋል። አስተርጓሚው ከአንድ ንግግር አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ቢወስድ፣ ሰዎቹ ሲከራከሩ የክርክሩን ፍሬ፣ ሲጨፍሩና ሲነዱ ደግሞ ምንም ባይል ይመረጣል።

አስቀድሞ መወሰን ያለበት ነገር የአክብሮት አጠራር ነው። እንግሊዝኛው ሁሉን በአንድ ስለሚጠራ ውሳኔው በአስተርጓሚው ላይ ይወድቃል። ጃስፐርን ልጆቹም ሚችም ምራቱ ሉሲም «እርስዎ» ሊሉት ይገባል፤ እርሱ ሉሲን «ልጄ» ቢላት ከጠባዩ ጋር ይስማማል። ካይልና ሚች አንተ ለአንተ ናቸው። ከባዱ የሚችና የሉሲ ነው። በቢሮዋ ሲገናኙ «እርስዎ» ተባብለው መጀመራቸው ግልጽ ነው፤ ከዚያ ወደ «አንተ» እና «አንቺ» የሚሸጋገሩበትን ቦታ ግን በጥንቃቄ መምረጥ ይገባል። ፊልሙ ፍቅራቸውን ብዙ ጊዜ ሳይናገር ይይዘዋልና አስተርጓሚው ቸኩሎ «አንቺ» ካላት፣ ካይል ገና ያልጠረጠረውን ሳሎኑ ሁሉ ቀድሞት ይጠረጥራል።

የሐኪሙ ትዕይንት ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው። ሐኪሙ ለካይል ጉዳዩን በቀጥታ አይነግረውም፤ «ድካም» ዓይነት ቃል ተጠቅሞ ተስፋም ይጨምርበታል። ይህ የሆነበት አንዱ ምክንያት የዘመኑ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይተገበር ለነበረው የፊልም ሥነ ምግባር ደንብ ተገዢ ስለነበሩ ነው። ደንቡ እስከ 1968 ድረስ ሠርቷል፤ ስለ አልጋና ስለ ዝሙት የሚነገረውንም ሁሉ ያጠብ ነበር። አስተርጓሚው «መካን ነው አሉት» ብሎ ቢቆርጠው ሁለት ነገር ይጠፋል። አንደኛ ሐኪሙ እንደዚያ አላለም። ሁለተኛ ካይልን የሚገድለው ቃሉ ሳይሆን በቃሉ ውስጥ የሰማው ነው። በሐኪሙ ልክ አድበስብሶ መተርጎም ነው፤ የወሎ ሰው አሽሙርና ቅኔ ስለለመደ ከተድበሰበሰው ውስጥ ዋናውን ለማውጣት አይቸገርም።

ዓይን የት ይረፍ?

እንግዶቹን ከፊልሙ በፊት ሦስት ወይም አራት ነገር ብቻ እንዲከታተሉ ይጠይቋቸው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፈተና ይመስላል። እንዲያውም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ማደል ይቻላል።

ለአንዱ ደረጃውን ይስጡት። የሀድሊ ቤት አዳራሽ መካከል ወደ ላይ የሚወጣው ሰፊ ደረጃ በፊልሙ ውስጥ እንደ አንድ ተዋናይ የሚቆጠር ነው። የፊልሙ እጅግ ዝነኛ ትዕይንት የሚፈጸመው በእርሱ ላይ ነው። ሜሪሊ በላይኛው ክፍል ሙዚቃ ከፍታ ብቻዋን ትጨፍራለች፤ በዚያው ጊዜ አባቷ በልጁ ነገር ተሰብሮ ደረጃውን ይወጣል፤ ጭፈራው እየጋለ ሲሄድ ሽማግሌው ከላይ ወድቆ ይሞታል። ሁለቱ በአንድ ክፍል አይገናኙም፣ ቃልም አይለዋወጡም፤ የሚያገናኛቸው አንዱን ለአንዱ የሚያፈራርቀው የምስሉ ቅንብር ብቻ ነው። ልጅቱ አባቷን ገደለችው? ፊልሙ እንዲህ አይልም፤ ተመልካቹ ግን ሳያስበው አይቀርም። እዚህ ላይ አስተርጓሚው አንዲት ቃል እንኳን እንዳይናገር።

ለሌላው ቀለሙን ይስጡት። ካይል የሚነዳው መኪና ቢጫ ነው፤ ሜሪሊ በደማቅ ቀይና ሮዝ ትታያለች፤ ሉሲ ግን በብዛት የረጋ ቀለም ትለብሳለች። ሰርክ ለዚህ ፊልም ጥልቀቱን ሁሉ አጥርቶ የሚያሳይ ሌንስ መጠቀሙን፣ ይህም ዕቃዎቹን ሸካራና የቀለም ቅብ ያለባቸው አስመስሎ እንደሚያሳይ በኋላ ተናግሯል። ስለዚህ የሀድሊ ቤት ውበት የማይነካ ውበት ነው፤ ሶፋው የሚቀመጡበት፣ አልጋውም የሚተኙበት አይመስልም። ማያሚ ላይ ሉሲ የምትገባበት የሆቴል ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ልብሱ፣ ቦርሳው፣ አበባው ገና ሳትጠይቅ ተደርድሮ ይጠብቃታል። «እኔ ብሆን ደስ ይለኛል» የምትል እንግዳ ብትኖር መልካም ነው፤ ሉሲ ያን ክፍል ለምን ትታው እንደሄደች መጠየቅ የምትችለው እርሷው ናት።

ለሦስተኛው ዕቃዎቹን። ካይል ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሲወጣ አንድ ትንሽ ልጅ ሳንቲም እየበላ በሚንቀሳቀስ የመጫወቻ ፈረስ ላይ ሆኖ በደስታ ይጋልባል። ትዕይንቱ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፤ ስለ ልጅ ምንም አይባልም፤ የካይል ፊት ግን ሁሉን ይናገራል። አንዳንድ ሐያሲ ይህን ዓይነቱን ምልክት ያልረቀቀና የተጋነነ ነው ይለዋል። እኔ በበኩሌ አልስማማም። ሰው ልጅ አጥቶ ሲጨነቅ ዓለም ሁሉ ልጅ በልጅ ሆኖ እንደሚታየው በደጅ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሰርክ ያሳየው የካይልን ዓይን ነው።

በጃስፐር ጠረጴዛ ላይ ያለችውን ጌጥ፣ ትንሽዋን የነዳጅ ማማ ግን ለማንም አይስጡ፤ በመጨረሻ ሁሉም እኩል ይያት። ሚችና ሉሲ ቤቱን ለቅቀው ሲሄዱ፣ ሜሪሊ በአባቷ ወንበር ተቀምጣ፣ ከላይ በተሰቀለው የአባቷ ሥዕል ውስጥ ያለችውን ያችኑ ማማ ታቅፋ ትቀራለች። ፊልሙ ሉሲንና ሚችን ደስተኛ ጥንድ አድርጎ ሊሸኛቸው ይሞክራል፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ምስል ለእርሷ ሰጥቷል። እውነቱን ለመናገር ሚች በጣም ጨዋ ስለሆነ ይሰለቻል፤ ፊልሙን የሚሸከሙት ሁለቱ የተበላሹ የሀድሊ ልጆች ናቸው። ዶሮቲ ማሎን በዚህ ሥራዋ የምርጥ ረዳት ተዋናይት ኦስካር አግኝታለች፤ ሮበርት ስታክም ታጭቶ ነበር።

ውይይቱን መምራት

የደሴ ሰው ስለ ሰው ትዳር ሲወያይ ቶሎ ሽማግሌ መሆን ይቀናዋል፤ ጥፋተኛው ይለያል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ነገሩም ይዘጋል። አወያዩ ይህን ሊያዘገየው ይገባል። አቦል ሲቀዳ «ምን አያችሁ?» የሚለውን ብቻ ይጠይቁ፤ ደረጃ የተሰጠው ስለ ደረጃው፣ ቀለም የተሰጠው ስለ ቀለሙ ይናገር። አስተያየት የሚያመጣ ካለ «አብሽር፣ እንደርስበታለን» ብሎ ማቆየት ይቻላል። ዕድሜያቸው የገፋ እናትና አባት ካሉ መጀመሪያ እነርሱ ይናገሩ፤ ይህም ለአክብሮት ብቻ ሳይሆን ወጣቶቹ በፊታቸው ከተናገሩ በኋላ እነርሱ ዝም ስለሚሉ ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ የሚያወጣው ጥያቄ «ማን ለማን ተናገረ?» የሚለው ነው። ካይል ችግሩን ለሚስቱ አይነግርም። አባትየው በልጁ ማዘኑን ለልጁ አይነግርም፤ ለሚች ይነግረዋል። ሜሪሊ ልቧን የምትከፍተው ከሰው ይልቅ ከሚች ጋር በልጅነቷ ትጫወትበት በነበረው ወንዝ ዳር፣ የድሮ ድምፆችን እየሰማች ነው። በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ አንድም የተጠራ ሽማግሌ፣ አንድም ገላጋይ የለም። እዚህ ጋ አንዱ እንግዳ «በእኛ ዘንድ ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ ይታረቁ ነበር» ማለቱ አይቀርም። አወያዩ በዚህ መርካት የለበትም፤ «ካይል ለሽማግሌ ይናገረው ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ልጅ ሳይወለድ ሲቀር መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሚስት ማሕፀን በሆነበት አገር፣ ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ቡናው እስኪበርድ ድረስ ሊያቆይ ይችላል።

ታሪኩ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ከኖረ፣ ፊልሙ ከሮበርት ዋይልደር ልቦለድ የተወሰደ መሆኑን፣ ልቦለዱም እ.ኤ.አ. በ1932 በሰሜን ካሮላይና በጥይት ከሞተው የትምባሆ ሀብት ወራሽ ከስሚዝ ሬይኖልድስና ከባለቤቱ ከዘፋኟ ሊቢ ሆልማን ታሪክ መነሻ እንዳገኘ ይንገሩት። በሆልማንና በሟቹ ጓደኛ ላይ ክስ ተመሥርቶ በኋላ ተነሥቷል። ይህ በውይይቱ መጨረሻ ቢነገር ይሻላል፤ ቀደም ብሎ ከተነገረ ጨዋታው ሁሉ «ማን ገደለው?» ወደሚል የወንጀል ምርመራ ይዞራል።

ለጨዋታው መቋጫ የፊልሙን የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ያለ ትርጉም ደግመው ያሳዩ። በመጀመሪያው ጊዜ ማን ማን እንደሆነ ያልለየው ተመልካች አሁን በመስኮቱ የቆመችው ማን እንደሆነች፣ በሩን ከፍቶ ቅጠሉን ያስገባው ምን ይዞ እንደመጣ ያውቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ዋናው አስተያየት ከዚህ በኋላ ይመጣል።

እንግዶቹ ሌላ ቀን ቢጠይቁ፣ ከሰርክ ሥራዎች «ኦል ዛት ሄቨን አላውስ» የተባለውንና እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣውን ይምረጡ። አንዲት ባለጸጋ መበለት አትክልተኛዋን በመውደዷ ልጆቿና ጎረቤቶቿ እንዴት እንደተነሡባት ያሳያል። ንግግሩ ከመጀመሪያው ፊልም ይልቅ የቀለለ ስለሆነ ትርጉሙ ይበልጥ ሊያጥር ይችላል፤ በሸንጎው ወንበር የሚቀመጡት ደግሞ በዚህ ጊዜ ጎረቤቶች ናቸውና፣ የተጋበዙትን ጎረቤቶች አስቀድሞ በደንብ ማሰብ ያስፈልጋል።